ወደ ጣና የምንሄደው ለማየት ነውን ወይስ ለመማር?



ባለፈው ጥቅምት አንድ የክፍል ጓደኛዬ በስልኩ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየኝ። በጋና አገር ቡሱዋ በምትባል የባሕር ዳር መንደር የእኛ እኩዮች የሆኑ ልጆች በሰሌዳ ላይ ቆመው በማዕበሉ ጀርባ ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ይህን ጨዋታ ሰርፊንግ ይሉታል። ጓደኛዬም «አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስንጨርስ ገንዘብ አጠራቅመን እንሂድ» አለኝ። እኔም ልቤ ሸፈተና በዚያው ማታ ዕቅድ ማውጣት ጀመርን፤ ፓስፖርት፥ የአውሮፕላን ትኬት፥ የሰሌዳ ኪራይ፥ የአስተማሪ ዋጋ። ሦስት ገጽ ያህል ከጻፍን በኋላ ጓደኛዬ ብዕሩን አስቀመጠና «ለመሆኑ አንተ ዋና ትችላለህን?» ብሎ ጠየቀኝ። አልችልም። እርሱም አይችልም። በማግሥቱ በክፍላችን ውስጥ ብንጠይቅ እጃቸውን ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነርሱም ከፎገራ ሜዳ የመጡ ልጆች ናቸው። እኛ የጉና ልጆች አቀበት እንወጣለን እንጂ ውኃ አናውቅም።

ያ ዕቅድ ግን በከንቱ አልቀረም። ቡሱዋ ለጀማሪ ትመቻለች የሚባለው ለምን እንደ ሆነ ስንመረምር፥ ነገሩ ከማዕበሉ ትልቅነት ሳይሆን ከየዋህነቱ የመጣ ሆኖ አገኘነው። ዳሩ አሸዋ ነው፤ የወደቀ ሰው በዓለት ላይ አይወድቅም። አስተማሪዎቹም የዚያው መንደር ልጆች ስለ ሆኑ ውኃው መቼ እንደሚቆጣ መቼ እንደሚበርድ ያውቃሉ። እንግዲህ ለጀማሪ የሚመች ውኃ ማለት ይህ ከሆነ፥ እስከ ጋና መሄድ ለምን ያስፈልጋል? አገራችን ምጽዋና አሰብ በኤርትራ ግዛት ከቀሩበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ከዞናችን ድንበር ላይ ተኝቶ ሳለ «ውኃ የለንም» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየዓመቱ ለትምህርት ጉዞ ገንዘብ እናዋጣለን። ወደ ጎንደር ሄደን ቤተ መንግሥቱን፥ ወደ ባሕር ዳር ሄደን ሐይቁን እናያለን፤ በሐይቁ ፊት ቆመን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ዓሣ በልተን እንመለሳለን። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ ዓሣውም ጥሩ ነው። የዘንድሮው ጉዞ ግን ጣናን ለማየት መሆኑ ቀርቶ ጣናን ለመማር ይሁን።

ይህን የምለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፥ ከመንደራችን በታች ከጉማራ ገባሮች አንዱ ድንገት ሞላ። የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ጥጃ ሊመልስ ገብቶ ነበር። እኛ በዳር ሆነን እንጮኽ ነበር። ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ፤ ጎበዞችም ነበሩ፤ ገደል የማይፈሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላችን ግን ዋና የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ገመድ አምጥቶ የወረወረም አልነበረም፤ ምክንያቱም መወርወር እንደሚገባ ያሰበ የለም። ጥጃው ከታች ወጣ። ልጁ በማግሥቱ ተገኘ።

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእኛው ከጉና ተነሥተው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ክረምት በመጣ ቍጥር በየገባሮቹ የሚሻገረው ደግሞ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚመጣው ተማሪ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ዋና የተማረ ልጅ ይደፍራል፤ ያልተማረ ግን ይፈራል፤ ፍርሃትም ይጠብቀዋል» ይላሉ። ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ያ ልጅ ዋና አልተማረም ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልጠበቀውም። የውኃን ጉልበት በገዛ ሰውነቱ የቀመሰ ሰው መቼ መግባት እንደማይገባው ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ጊዜው የመንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ በጥር መጨረሻ ቢሆን ይሻላል፤ ዝናብ የለም፤ ወንዞቹም ጭቃቸውን ወደ ሐይቁ አያጎርፉም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። ቦታው ግን ዝም ብሎ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ መመረጥ የለበትም። ለእኛ የሚቀርበው የፎገራ ዳርቻ የርብና የጉማራ መግቢያ ስለ ሆነ ደለል ይበዛዋል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም ያስቸገረው በተለይ ያንን የሰሜን ምሥራቅ ወገን ነው። ሰውን እግሩን ጠልፎ የሚይዝ ነገር ለጀማሪ አይሆንም።

ሌላም ችግር አለ፤ ብሸሽገው ወላጆችን ማታለል ይሆንብኛል። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ተባይ ሣር ባለበት በዳሩ ውኃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ ሲሆን፥ በብዛት የሚወጣው ፀሓይ በበረታችበት በቀትር ሰዓት ነው። ስለዚህ መንሳፈፍንና እጅና እግርን ማንቀሳቀስን በመጀመሪያው ቀን በባሕር ዳር ከተማ በሆቴል የመዋኛ ገንዳ ብንማር ይሻላል። ዋጋው ይከብዳል፤ ነገር ግን ለግማሽ ቀን ተነጋግሮ በቡድን መክፈል ይቻላል። ሐይቁን ግን በሁለተኛው ቀን ማለዳ፥ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰን በታንኳ እንገባበታለን። ማለዳ የመረጥሁት ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣና ማዕበሉም ስለሚበረታ ጭምር ነው። ከጉዞው በኋላም ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ሁላችን ጤና ጣቢያ ሄደን ብንመረመር መልካም ነው፤ በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል።

ለሁለተኛው ቀን እኔ የማስበው ቆራጣን ነው። በደራ ወረዳ፥ ከጉማራ መግቢያ ወደ ደቡብ ፈንጠር ብላ፥ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ሲወረድ የምትገኝ የእኛው ዞን መንደር ናት። በጥንት ጊዜ ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። የታንኳን ነገር ካነሣሁ አይቀር፥ አጤ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ እንዳሠሩ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በ1858 ዓ.ም. በጣና ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኰራኩር እንዳስገጠሙ፥ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር መጥቶ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎአል። መድፉን ስንዘክር ጀልባውን የረሳነው ለምን እንደ ሆነ አላውቅም።

ታንኳ የጓደኛዬን ሰሌዳ ይመስላል ብል አትሣቁብኝ። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የሞላበት ስለ ሆነ የታንኳው አካል ራሱ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ቢገባበትም እንደ እንጨት ጀልባ ወዲያው አይሰጥምም። ሚዛን ያልጠበቀውን ሰው ግን ይጥለዋል። በዚህ ጥበብ ከማንም በላይ የታወቁት የወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። በብዙ ዘመን እንደ ተናቁ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስማቸውን ለስድብ የሚጠራ ሰው ዛሬም አይጠፋም። አስተማሪዎቻችን እነርሱ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ፤ የደመወዙም ገንዘብ ለመምህር እንደሚገባ በክብር እንዲከፈላቸው። የቱ ዳር ጭቃ እንደ ሆነ፥ የቱ ድንገት እንደሚጠልቅ፥ ጉማሬ የት እንደሚውል ከእነርሱና ከአገሩ ዓሣ አጥማጆች በቀር ማን ያውቃል?

አንድ አውቶቡስ፥ ሁለት ቀን፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጃኬት፥ ለሁሉም አንድ ረጅም ገመድ። ገመዱን እኔ ራሴ አመጣለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ልጄ፥ ውኃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለችኝ። ቀጥላም ያን የጥጃውን ቀን እንደ ገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብሁላት። የፈቃዱ ወረቀት እስከ ዛሬ በመሶቡ ክዳን ሥር ተቀምጧል፤ አልፈረመችውም፤ አልቀደደችውምም።