የፈሰሰው ራዲያተርና የ1900ው ዐዋጅ

ባለፈው ቃል እንደ ገባሁት ዛሬ ስለ ፌዴራሊዝም ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። ዳሩ ግን መኪናዬ ሌላ ርእስ ሰጠችኝ። ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው ወር ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ መገናኛ አካባቢ በመኪና ጭንቅንቅ መሐል የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ተነሣ። እንደ ሀገራችን ደንብ መካሪ አልጠፋም። አንዱ የማሸጊያ ዱቄት ጨምርበት አለ፤ ሌላው የእንቁላል አስኳል ቀዳዳ ይደፍናል ሲል ማለ፤ ሦስተኛው ደግሞ “ጌታዬ፣ ውሃ እየጨመሩ መንዳት ነው” ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ይህን ሦስተኛውን ምክር አውቀዋለሁ። ሀገር ስናስተዳድር የኖርነው በእርሱ ነው።

ራዲያተሩ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብቷል። ሁለቱንም ጊዜ የላይኛው የፕላስቲክ ጋን በማጣበቂያ ተለስኖ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወር ሳይሞላው ተሰነጠቀ። የዱሮዎቹ ራዲያተሮች መዳብና ነሐስ ስለ ነበሩ በብየዳ ይድኑ ነበር። የአሁኖቹ መካከላቸው አሉሚኒየም፣ ጫፍና ጫፋቸው ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀትና በዕድሜ ደርቆ ከተሰነጠቀ መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው። ይህን ማንም ባለሙያ ያውቃል። እኔ ግን የከፈልሁት እውነቱን ለሚነግረኝ ሳይሆን ዋጋ ለሚቀንስልኝ ነበርና ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በጋራዡ ላይ ማላከክ አልችልም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነውና። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር መደበኛ ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱን የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ግፊቱ እስካለ ድረስ ውሃው 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም። ቀዳዳ ባለበት ግን ግፊት የለም። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ሾፌሩን ለጥቂት ጊዜ የሚታገሠው ቀዳዳ እዚህ ፈጥኖ ያፈላዋል፤ ቀጥሎም ቴስታታው ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው የራዲያተር ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው።

እናም እቤቴ ልለውጠው ወሰንሁ። የአሮጌውን ልክ በወረቀት ይዤ መርካቶ ሱማሌ ተራ ወረድሁ። ዋጋውን ስሰማ የወር ደመወዜን በልቤ አሰላሁት፤ አሃዙን እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና በጥቂት ወራት ውስጥ ብር ከዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ አጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም፤ በውድ ምንዛሪ ነዳጅ የሚገዛ፣ ኃይል ግን ከወንዞቹ የሚያመነጭ ሀገር ወደዚያ ቢሄድ እሰየው። የምቃወመው ፖሊሲያችን ምን ይግባ ምን አይግባ ከማለት አልፎ፣ በእጃችን ያለውን ማን ይጠግነዋል የሚለውን ጥያቄ እንደ ጥያቄ አለመቁጠሩን ነው። ደግሞስ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ አይደለምን? እነርሱም ፓምፕ አላቸው፤ ቱቦ አላቸው፤ ራዲያተር አላቸው። ነገ እነርሱም ያፈስሳሉ።

እሑድ ጠዋት ሞተሩ እንደ በረደ ጀመርሁ። (በትኩስ ሞተር ላይ ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቀቅላል።) ጎረቤቴ የሆነ፣ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት የተመረቀ ወጣት ሊረዳኝ መጣ። ካቻቢቴውን ሳቀብለው ግን እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

“እርስዎ ይፍቱት ዶክተር፤ እኔ አለሁ” አለኝ።

ከሥር ሳፋ አድርገን ፈሳሹን አወረድን፤ የማራገቢያውን ሽቦ ነቀልን፤ የላይና የታች ቱቦዎችን ፈታን፤ ሁለቱን ማሰሪያዎች አላቅቀን ራዲያተሩን ወደ ላይ መዘዝነው። ከውስጡ የወጣው ዝገት ነበር። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስጨምርበት ኖሬያለሁና ምን ይገርማል! ልጁ የተርሞስታቱን ቤት ከፍቶ አየና ሳቀ፤ ባዶ ነው። አንዱ ጋራዥ “ለአዲስ አበባ አያስፈልግም” ብሎ ነቅሎት ኖሯል። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ነዳጅ ሲበላ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ገዝተን መለስነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሹን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለን፣ ክዳኑን ከፍተን ሞተሩን አስነሥተን፣ አረፋው እስኪያቆም በዝግታ ሞላን። ከሰዓት በኋላ መርፌው ከመካከል ንቅንቅ አላለም።

በመሐል “ለምን ጋራዥ አትከፍትም?” ብዬ ጠየቅሁት። እናቱ ለጎረቤት ስታወራ “ልጄ ኮሌጅ ጨርሷል” እንጂ መካኒክ ነው እንደማትል ነገረኝ። ለማማረር አልነበረም፤ ቱቦውን እያጠበቅሁ ሳለ እንዲሁ ነው የነገረኝ።

የታሪክ መምህር ነኝና ይህ ወደ 1900 ዓ.ም. መለሰኝ። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። መኪናውና ዐዋጁ እኩል ጀመሩ ማለት ነው። መኪናው ከተማውን ሞላው። ዐዋጁ ግን ከክፍል ውስጥ ማስታወሻዬ አልወጣም። ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ወድቀሃል የተባለውን ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ስንልክ የኖርነው እኛው ነን፤ ያንን ሥርዓት በጥናት ወረቀት ስንደግፍና ስንተች የኖርነውም እኛው። እኔም በሃያ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ አንድም ተማሪዬን “ሂድና እጅህን አሠልጥን” ብዬ አላውቅም፤ ብለው ስድብ እንደሚመስለው አውቃለሁና።

የምሠራበት ዩኒቨርሲቲም ከዚህ አይለይም። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ሪባን ይቈረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። አንድ ትንሽ ክፍል ሲበላሽ ግን ለጥገና የተያዘ በጀት የለምና ዕቃው ይሸፈናል። በእኛ ሕንጻ ጓሮ በሸራ የተሸፈነ ጄኔሬተር አለ፤ ከሸራው ሥር ድመት ወልዳለች።

ለልጁ ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። ግድ ስለው የጋራዥ ሠራተኛ የሚጠይቀውን ያህል ተቀበለ። አሮጌውን ራዲያተር ቆራሌው ወሰደው። ዝገቱና አሮጌው ፈሳሽ ግን በጀሪካን ታሽጎ እስከ ዛሬ ዕቃ ቤቴ አለ፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነም ውሻም ሕፃንም ሊልሰው ይችላል፤ ቦይ ውስጥ ልደፋው አልወደድሁም። የሚረከበኝ ቦታ ጠይቄ እስካሁን አላገኘሁም።