አፓርትማው ሳይቆም እንጠያየቅ



በቅርቡ ለማስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ የሚኖርበትን ሰፈር ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ነድፎ እንዲያመጣ ነው ያዘዝሁት። ትምህርት ቤታችን የሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ነውና ከፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈርም፥ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢም፥ ከገበሬው መንደርም፥ ከአዳዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም የሚመጡ ልጆች በአንድ ወንበር ጐን ለጐን ተቀምጠው ይማራሉ።

ከመጡልኝ ካርታዎች ውስጥ ሁለቱ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፉም። አንዱን የሠራው የገበሬ ልጅ ነው። «አያቴን እየጠየቅሁ ነው የነደፍሁት» አለኝ። በወረቀቱ ላይ አውድማ አለ፤ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ፤ የጤፉ ማሳና የሽምብራው ማሳ ተለይተው ተጽፈዋል። ሁለተኛውን የሠራችው ወላጆቿ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ወደዚህ የመጡ ልጅ ናት። በእርሷ ወረቀት ላይ ያለው ብሎክ ነው፤ ብሎኩ ቁጥር አለው፤ በብሎኮቹ መካከል ሱቅና የታክሲ መቆሚያ ይታያል። ሁለቱ ወረቀቶች የሚያመሳስላቸው አንድ ትልቅ የውሃ መውረጃ ነበረ። እርሱን ምልክት አድርጌ፥ ወረቀቶቹን ደራርቤ በመስኮቱ ብርሃን ብመለከታቸው ሰፈሩ አንድ ኾኖ አገኘሁት። ልጅቷ የምትኖርበት ብሎክ የቆመው በዚያ አውድማ ላይ ነው።

ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። በመካከላቸው ቂም የለም። እኔ ግን ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ያ ሕንፃ በወረቀት ላይ ብቻ በነበረበት ጊዜ የልጁን አያት ያነጋገራቸው ሰው ነበረን? ልጅቷንስ የሚያሳድጓት ወላጆች ምን ዓይነት ቤት፥ ምን ዓይነት ሰፈር እንደሚሻቸው የጠየቃቸው አለን?

አንባቢዬ እንዳይሳሳት አስቀድሜ ልናገር። እኔ የአፓርትማ ጠላት አይደለሁም። እኔም ተከራይ ነኝ፤ የወር መጨረሻ ሲቃረብ የአከራዬ ኮቴ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ዐውቃለሁ። አዲስ አበባ ልጆቿን የምታስጠጋበት ቤት ያስፈልጋታል። በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም አያሌ ቤተሰቦችን ከኪራይ ጭንቀት አውጥቷል። ሃያ በመቶውን ገዢው ቆጥቦ፥ ሰማንያውን ከባንክ ተበድሮ፥ የቤት ባለቤት መኾን መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ክርክር ስለ መሥራቱ አይደለም፤ ከመሥራቱ በፊት ስለሚደረገው ምክክር ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚኾነን ሩቅ አይደለም፤ የኮዬ ፈጬ ነገር ነው። ይህ ታላቅ የመኖሪያ መንደር የተሠራው በአቃቂ ቃሊቲ አጠገብ፥ ቀድሞ ጤፍ ይበቅልበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ የተሠሩትም ነበሩበት። ዕጣው የወጣለት ሰው እልል አለ። ወዲያው ግን «መሬቱ የኦሮሚያ ነው፤ የተነሣውም ገበሬ አልተካሰም» የሚል ብርቱ ተቃውሞ በልዩ ልዩ ከተሞች ተነሣ። ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዕጣ የደረሰው ቤተሰብም ቍልፉን ሳይጨብጥ ይጠብቅ ጀመር። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ መስማማታቸው የተነገረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ስምምነት ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ገባ።

እንግዲህ ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። ቤቱ በመጀመሪያ ቆመ። ዕጣው ቀጥሎ ወጣ። መሬቱ በማን አስተዳደር ሥር ነው የተባለው ከሁሉ በኋላ ነው። የአገራችን ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። በዚህ መካከል የተጐዳው ማን ነው? መሬቱን የለቀቀው ገበሬም፥ ከደመወዙ ቈርጦ የቈጠበው ከተሜም ነው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላው ጠላት ሳይኾኑ እንደ ጠላት ተያዩ፤ ያቃቃራቸው በጊዜው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ይህም የመጀመሪያው አልነበረም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ። ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ እንዲቀር ተደረገ። የወረቀት መሥመር ነው ብለን የምንንቀው ነገር ደም እስከ ማፍሰስ እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

የገበሬውንም ካሳ እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የሚሰጠውን ካሳ ያሰላው፥ ካለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር በማባዛት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀዳሚው ተሻሽሎ፥ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። መሻሻሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተማሪዬ አያት፥ «አሥር ዓመቱ አለቀ፤ እኔ ግን በዐሥራ አንደኛውም ዓመት እበላለሁ» ብለው ለልጅ ልጃቸው ያጫወቱትን ስሰማ መልስ አጣሁ። ገንዘብ ቈጥሮ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜውን በማረስ ያሳለፈ ሰው ከእንግዲህ በምን ሥራ እንደሚኖር ከራሱ ጋር መምከር ሌላ ነገር ነው።

ሕግ የለንም እንዳንል ሕጉ ነበረን። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የወጣው በ2000 ዓ.ም. ሲኾን ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲሳተፍና አስተያየቱን እንዲሰጥ ደንግጓል። ከዚያ ቀደም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ግልጽ ኾኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዞ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ቢኾን ማንም ሰው ከመገንባቱ በፊት ያሰበው ሕንፃ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱ እንዲረጋገጥና የግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገድዷል። ስለዚህ የጐደለን አንቀጹ አይደለም። የጐደለን አንቀጹን በጊዜው የሚያነብና የሚያስነብብ ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በአንድ አዳራሽ ተገኝቼ ነበር። ሊሠራ ስለታሰበ አንድ አፓርትማ ማብራሪያ ይሰጣል ተብለን ነው የተጠራነው። በግድግዳው ላይ ባለቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። በሥዕሉ ውስጥ ዛፉ ለምልሟል፥ መኪናው ያብለጨልጫል፥ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። መሐንዲሱ አብራርቶ ሲጨርስ፥ «ጥያቄ ያላችሁ?» ቢል ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ተባለ። ከዚያም ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት ባልቴት ብድግ አሉና፥

«ልጄ፥ ሥዕሉስ አምሯል፤ እግዜር ይስጥህ። ግን እንጀራ የምንጋግረው የት ነው? ሰው ቢሞትብንስ ድንኳን የምንተክለው የት ነው?» አሉ።

አዳራሹ በሣቅ ተመላ። መሐንዲሱም ፈገግ አለ፤ ነገር ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ። «እማማ፥ እውነትዎን ነው፤ የድንኳኑን ነገር አላሰብንበትም» አለ። እኔ በበኩሌ ይህን መሐንዲስ ወደድሁት። ከሣቁ በኋላ የጻፈ ሰው ነውና። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ቦታው ብንሄድ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ፥ የመሠረቱ ጉድጓድ ተቈፍሮ አገኘነው። የባልቴቷ ጥያቄ የመጣው ጉድጓዱ ከተቈፈረ በኋላ ነበር።

በእኛ አካባቢ ቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የድንኳን ቦታ ብቻ አይደለም። የአቃቂ ሜዳ አፈር ጥቁር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በሌላ ካልተተካ ወይም መሠረቱ ለዚሁ ታስቦ ካልተሠራ፥ ወለሉ ይነሣል፥ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ይህን በዚያ መሬት ላይ ያረሰ ሁሉ ከዩኒቨርስቲ ሳይማር ያውቀዋል። ውሃውም እንዲሁ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ጉድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚወርዱት በእኛ በኩል ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚቀዳውም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። እንግዲህ አዲስ አፓርትማ ሲታሰብ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? የክረምቱ ጎርፍ በየት ያልፋል? ልጆቹስ በየትኛው ትምህርት ቤት ይማራሉ? ብሎ መጠየቅ ሥራ ማሰናከል አይደለም። እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደማስተምር የሚያውቅ ሰው የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አይጠፋውም።

መጠየቅን ለመማር ጊዜ የፈጀባቸው እኛ ብቻ አይደለንም። ከጦርነቱ በኋላ ለአዲስ አበባ ፕላን ካወጡት የውጭ አገር ሊቃውንት አንዱ ለለንደን ከተማም ፕላን የነደፉት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። በእኚሁ ሰው አገር እንኳ ሕዝቡ በፕላን ሥራ ይሳተፍ የሚለው አሳብ በመንግሥት ኮሚቴ ተጠንቶ የቀረበው በ1969 እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ነው። ስኬፊንግተን በተባሉ የፓርላማ አባል የተመራው ያ ኮሚቴ፥ ሕዝቡ የሚጠየቀው ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይኾን ገና በመዘጋጀት ላይ ሳለ መኾን እንዳለበት መከረ። ሠልጥነዋል የምንላቸውም የተማሩት ከስሕተታቸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። አንደኛ፥ አፓርትማ ሊሠራ ሲታሰብ ፕላኑ ሰው በሚገባው ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ቆርቆሮው ከመታጠሩ በፊት በወረዳው ደጃፍ ይለጠፍ። ሁለተኛ፥ በመሬቱ ላይ የኖሩት ሰዎች ለካሳ ብቻ ሳይኾን ለምክርም ይጠሩ። ሦስተኛ፥ የተነሣው ጥያቄና የተሰጠው መልስ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ነገ ማን ምን እንዳለ ይታወቅ ዘንድ። እኛ ነዋሪዎችም ብንኾን ስብሰባ ተጠርተን ስንቀር ቆይተን፥ ሕንፃው ሲቆም ብቻ ማማረራችንን እንተው።

ወደ ካርታዎቹ ልመለስ። ለሁለቱ ተማሪዎቼ፥ «እንግዲህ አብራችሁ ተቀመጡና ሦስተኛ ካርታ ሥሩልኝ» ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ተከራክረው አመጡት። ብሎኮቹ አሉ። ነገር ግን በመካከላቸው አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ ትተዋል። «ይህ ምንድን ነው?» ብላቸው ልጁ፥ «አውድማው ነው» አለኝ። ልጅቷ ደግሞ፥ «የድንኳን መትከያ ነው» አለችኝ። ለአንድ ቦታ ሁለት ስም አወጡለት እንጂ ስለ ቦታው አልተጣሉም። ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች ወረቀት ላይ የተስማሙበትን ነገር ታላላቆቻቸው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊስማሙበት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም፤ በጊዜው ከተጠሩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።