ስለ ድንች አበሳሰልም ይታሰብ

በወረዳዎች የሥራ ዕቅድ ውስጥ የድንች ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የኩንታሉ ብዛት ነው። “በለጠ” እና “ጉደኔ”ን የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ለአርሶ አደሩ መድረሳቸው የሚያስመሰግን ነው። ድንቹ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን ስለ አበሳሰሉ የሚጠይቅ የለም።

በድንች ውስጥ ያለው ስታርች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ተፈጭቶ ቶሎ ስኳር ይሆናል። ጥቂቱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ለጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ የደም ስኳርንም አያንርም። ይህ የማይፈጭ ስታርች በጥሬው ድንች ውስጥ ብዙ ነው፤ ጥሬውን ግን ማን ይበላዋል? ሲቀቀል ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ለመፈጨት ይመቻል። ሲቀዘቅዝ ከፊሉ መልሶ ይጠጥራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ከ100 ግራም ድንች ውስጥ የማይፈጨውን ስታርች በትኩሱ 3 ነጥብ 1፣ በቀዘቀዘው 4 ነጥብ 3፣ እንደገና በሞቀው 3 ነጥብ 5 ግራም ሆኖ አግኝቶታል። በተፈተሹት ዝርያዎች መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ዘር በማከፋፈል ብቻ የማይገኝ ጥቅም አለ ማለት ነው።

እረኛው ቋጥሮት የሚወጣው ቀዝቃዛ ቅቅል ድንች የችግር ምግብ ተደርጎ ሲናቅ ኖሯል። ንቀቱ ተገቢ አልነበረም። ልዩነቱ አንድ ግራም ገደማ በመሆኑ ግን የስኳር ሕመምተኛው መድኃኒቱን ትቶ በቀዘቀዘ ድንች ይታከም ማለት አይደለም፤ መጠኑንም መጥኖ መብላት አለበት።

ዋጋ ሲወድቅ ጥሬውን ከትፎ፣ አድርቆ ዱቄት ማድረግ ምርትን ከብክነት ያድናል። ሆኖም ዱቄቱ ተቦክቶ ሲጋገር የማይፈጨውን ስታርች በአብዛኛው ስለሚያጣ ወጣት ማኅበራት “ለስኳር ሕመም የሚስማማ” ብለው እንዲሸጡት መፍቀድ ገዢን ማሳሳት ነው።

የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁ ይሆናል፤ ሊነጋገሩ ይገባል። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ከሠርቶ ማሳያው ማሳ ጎን አንድ ምድጃና ድስት ማስቀመጥ ብዙ በጀት አይጠይቅም። እዚያው አረንጓዴ የሆነው ድንች ተለይቶ ይጣል፤ መርዙ በመቀቀል አይለቅም። የተቀቀለውም በሙቅ ድስት ተከድኖ ከሚያድር ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዝቅዝና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ይበላሻል።