ስንጥቅ በስቱኮ አይደፈንም
ለአንበሳሜና ለወረታ የብረታ ብረት ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



የብረት ጎተራ ሙያው አየር አለማስገባቱ ነው። ነቀዝ ከእህሉ ጋር ቢገባም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይታፈናል። እጥፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ግን የደራና የፎገራ ገበሬ ገንዘቡን ያወጣው ለባዶ ቆርቆሮ ነው።

ስንጥቁ ከየት ይመጣል? ላሜራው ስል ጠርዝ ባለው ሞርሳ ይያዝና በመዶሻ ይወቀጣል። ልኩ ካልመጣ ተቃንቶ፣ እዚያው መስመር ላይ ዳግም ይታጠፋል። ሲሰነጠቅ ብየዳ፣ በብየዳው ላይ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ቀለም። ጥፋቱ ሁሉ የላሜራው ይሆናል። ቀሽም ላሜራ ገበያውን እንደሞላው አልክድም፤ ግን ደህናውንም እየሰበርነው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 1 ሚሊሜትር ላሜራ በ1 ሚሊሜትር ውስጣዊ ራዲየስ ሲታጠፍ የውጭ ገጹ 33 በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ በ3 ሚሊሜትር ከሆነ 14 በመቶ ገደማ ብቻ። ለዚህ የሚያስፈልገው ላሜራው የሚዞርበት ባለ 6 ሚሊሜትር ለስላሳ ቶንዲኖ ነው። የተቆረጠው ሸካራ ጠርዝም አስቀድሞ በሞረድ ይስተካከል፤ ብዙ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው አቅጣጫ ነው። እጥፉ ላሜራው ፋብሪካ ውስጥ የተዳመጠበትን አቅጣጫ ተከትሎ ከሄደ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ካቋረጠው ይታገሣል። ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል የሚቀለው ማግኒዥየም በዚህ በኩል የባሰበት ነው። ክሪስታሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ስለሆነ ሳይሞቅ በቀላሉ የሚንሸራተተው በአንድ ዓይነት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ መዳመጡ ደግሞ እነዚያን ገጾች ከሉሁ ጋር ትይዩ ያስተኛቸዋል። የተለመደው መላ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማሞቅ ነበር። ኋላ ተመራማሪዎች ዚንክና ጥቂት ካልሲየም ጨምረው የገጾቹን ድርድር በተኑት፤ ማግኒዥየሙ ሳይሞቅም በተሻለ ሁኔታ መታጠፍ ቻለ።

ማሞቅ ብቸኛው መላ አይደለምና እናንተም በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ባስቸገራችሁ ቁጥር እሳት አታቅርቡበት። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ጭሱን የሳበ ሰው ማታ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ብርድ ብርድም ይለዋል። ዝገት የሚከላከለው ልባስም አብሮ ይሄዳል።

ከሚቀጥለው ላሜራ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱን በቁመቱ፣ ሌላውን በአግድሙ አጥፋችሁ እዩ። ጎተራውን በተሻለው አቅጣጫ ሥሩ። የተሰነጠቀውን ግን፣ እባካችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ አትሽጡ።