በማለዳ የሚያብጥ የሕፃን ዓይን



አባት በግዳጅ ላይ ሳለ ልጆችን ጠብቆ የማሳደጉ ኃላፊነት በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ስለሆነም ዛሬ፣ ሲጀምር ቀላል የሚመስል፣ ሲዘነጋ ግን ሕይወትን ሊቀጥፍ ስለሚችል አንድ የሕፃናት የኩላሊት ሕመም እናነሣለን። ሐኪሞች ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይሉታል።

ኩላሊት ደምን እንደ ወንፊት እያጣራ ቆሻሻውን በሽንት ያስወግዳል፤ የሚጠቅመውን ያስቀራል። በዚህ ሕመም ወንፊቱ ይሳሳና አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይፈስሳል። ኩላሊቱም ጨውና ውሃ ስለሚይዝ ሰውነት ያብጣል። ሕመሙ ይበልጥ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ሲሆን፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ በእጥፍ ያህል ይጠቃሉ።

የመጀመሪያው ምልክት በዓይን ዙሪያ ይታያል። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሣ ዓይኑ አብጦ ይገኛል፤ ቀን ሲውል ይጎድልና ወደ ማታ እግሩ ያብጣል። ውሎ አድሮ ሆዱ ይነፋል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፣ አረፋም ይበዛበታል። አንዱ ወላጅ የዓይን ሕመም ነው ይላል፤ ሌላው ምች መታው ብሎ ዳማከሴ ያሻል፤ «ልጃችን ፊቱ ሞላ» ብሎ የሚደሰትም አይጠፋም። የምግብ እጥረትም ሰውነትን ስለሚያሳብጥ በዓይን አይቶ መፍረድ አይገባም። ነገሩን የሚለየው የሽንትና የደም ምርመራ ነው።

ፔኒሲሊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከመስፋፋታቸው በፊት ብዙዎቹ ሕሙማን ሕፃናት በኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ዛሬ ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ከ10 ሕፃናት 8 ያህሉ ይህን ክኒን በየቀኑ ሲወስዱ በ4 ሳምንት ውስጥ ፕሮቲኑ ከሽንታቸው ይጠፋል፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ግን ቁጥሩ ከዚህ አንሶ ታይቷል። ክኒኑ ያልሠራላቸው ሕፃናት ከኩላሊታቸው ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ይመረመራል፤ ሌላ መድኃኒትም ይታዘዝላቸዋል። ከእነዚህ መካከል ኩላሊታቸው ውሎ አድሮ የሚደክም አሉ።

ዋናው መልእክታችን እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ልጁ ፈጽሞ የዳነ ይመስላል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም ያን ጊዜ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ በመጀመሪያ በየቀኑ፣ ኋላም አንድ ቀን እየተዘለለ። ክኒኑ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ ፊትን ያድቦለቡላል፣ ጠባይንም ይለውጣል፤ መጠኑ ሲቀንስ ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን ፈርቶ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ለልጁ ሕይወት አደገኛ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለብን አለ። በመድኃኒቱ ከተሻላቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገረሽባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም ከጉንፋን በኋላ። ይህ የእናት ጥፋት አይደለም፤ የሕመሙ ጠባይ ነው። ቀድሞ ከተደረሰበት እንደገና ይታከማል፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ሲጨምር ሕመሙ ይተዋቸዋል።

ስለዚህ ሐኪም ባዘዘው መሠረት የጠዋቱን ሽንት በመመርመሪያ ወረቀት እያያችሁ ውጤቱን በደብተር መዝግቡ። ጨው ቀንሱ። ክትባት ከመሰጠቱ በፊት ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ተናገሩ። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳታድሩ ወደ ሐኪም አድርሱት። አባት ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ሲዛወርም ደብተሩ ከልጁ ጋር ይጓዝ፤ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር።

ዘብ ሌሊቱ ጸጥ አለ ብሎ ቦታውን አይለቅም። እኛም የልጁ ፊት ጎደለ ብለን ጥበቃችንን አንተው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።