«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» ይበቃል?

አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ የአምስት ዓመት ልጇን አዝላ ስታባብል አድራ፣ በማለዳ ከእጃጂ ተሳፍራ በጌዶ በኩል አምቦ ብትገባ፣ የሚጠብቃት ጉጠት ብቻ ነው? «ምንም አይደል፣ የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» የሚለውን ማጽናኛ ያልሰማ ወላጅስ አለ?

ይወድቃል፤ ግን መቼ? የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ። የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት መቆየት አለበት። በአምስት ዓመቱ የተነቀለበት ልጅ እስከዚያ በምን ያኝክ? በስድስት ዓመቱ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ክፍተቱ ተንሸራቶ የተተኪውን ቦታ ሲዘጋበትስ ማን ይጠየቅ?

የተበላ ጥርስ ሁሉ የሞተ አይደለም። ሐኪሙ ካደነዘዘ በኋላ የበሰበሰውን ጠርጎ የታመመውን የላይኛውን ነርቭ ብቻ ቆርጦ ያነሳል። ከዚያ በእርጥብ ጥጥ ተጭኖ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ደሙ ቀጥ ካለ፣ ሥሩ ውስጥ የቀረው ነርቭ ሊተርፍ ይችላል። መድኃኒቱ በላዩ ይደረጋል፣ ጥርሱ ይሞላል፣ የብረት ሽፋን ይለብሳል። ሥራው በዚህ ያልቃል።

መድኃኒቱስ የትኛው ይሁን? ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ፎርሞክሬዞል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፎርማልዲሃይድ አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ለጥርስ የሚውለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ክርክራቸው መሠረት አለው። ግን የተሻለ እያለ ለምን እሱን?

የተሻለው ኤምቲኤ ነው። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ለጥርስ ሲበጅ መነሻው ምን ነበር? ፖርትላንድ ሲሚንቶ! ሙገር ሲሚንቶ የሚመረተው አምቦ ባለችበት በዚሁ በምዕራብ ሸዋ አይደለም? የግንባታው ሲሚንቶ ለሕክምና አይሆንም፤ የጥርሱ የነጠረና በራጅ የሚታይ መሆን አለበት። ቢሆንም ልጠይቅ፦ ያስወደደው የዱቄቱ ብርቅነት ነው ወይስ በግራም ታሽጎ በውጭ ምንዛሪ መገዛቱ? አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ፋብሪካ ይህን እናጥና ብሎ ቢነሳ ምን ይከለክለዋል?

ከዚህ የሚቀለውስ ለምን ይዘገያል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድንና ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። የመጀመሪያው በብሩሽ ይቀባል፤ ጥርሱን ያጠቁራል፣ መበስበሱን ግን ነርቭ ጋ ሳይደርስ ሊያቆመው ይችላል። ሁለተኛው በእጅ መሣሪያ ይሞላል። መሰርሰሪያም መብራትም ለማይፈልግ ሕክምና የጤና ጣቢያ በር ለምን ይጠባል?

«ግግ ነው» ተብሎ የሕፃን ድድ ሲፈለቀቅ ጎጂ ልማድ ብለን አውግዘናል፤ ደግ አደረግን። ሊተርፍ የሚችለውን ጥርስ ያለ ምርመራ መንቀልስ በነጭ ጋዋን ስለተሠራ ብቻ ሕክምና ይባላል?

ድዱ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ ሳይነካ ሌሊት በሕመም ከነቃ፣ ነርቩ ሞቶ ወይም ክፉኛ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መንቀል ግድ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም፣ ወላጆች ሆይ፣ ጉጠቱ ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ይህን ጠይቁልኝ፦ «ነርቩ በሕይወት አለ ወይ?»