ከዋጃ እስከ አዲስ አበባ
(የጨፋሪዎች የጉዞ ወግ)

ባለፈው እትም የጉዟችንን ወሬ እናጫውታችኋለን ብለን ነበር። ቃል ዕዳ ነውና እነሆ።

እኛ ዘጠኝ ነን። አራት ሴቶችና አምስት ወንዶች። ሥራችን እርሻ ነው። ማሽላና ጤፍ እንዘራለን። ሠርግና ዓመት በዓል ሲመጣ ደግሞ እንጨፍራለን። በጥር 2011 ዓ.ም. የራያን ጭፈራ እንድናሳይ ወደ አዲስ አበባ ተጠራን። ከመካከላችን ከተማዋን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ያየው የሐኪም ቤቱን ጣሪያ ነው።

መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቆቦን፣ ወልድያን፣ መርሳን አልፈን ደሴ አደርን። በማግስቱ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እንደ አገራችን ሞቀን። ከዚያ ግን አውቶቡሱ ሽቅብ ያዘ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ተራራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቦርቡሮ ዋሻ ተሠርቶለታል። ወደ ዋሻው ስንገባ ጨለማ፣ ስንወጣ ጉም! ሴቶቹ ጋቢ ለመኑን። እኛስ ለራሳችን መች በቃን?

አዲስ አበባ ስንገባ መጀመሪያ ያስደነቀን ጩኸቱ ነው። የታክሲ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ የሠፈሩን ስም ይጠራል። ባቡሩ ግን አይጮህም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ነው፤ በጭንቅላታችን ላይ ባለው ድልድይ ሹልክ ብሎ አለፈ። መርካቶ ውስጥ አንዲቷ እኅታችን ጠፋችብን። ብንፈልጋት፣ ብንፈልጋት የለችም። እሷ ግን ሰው ሳትጠይቅ፣ ሰሌዳ እያነበበች አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። «ምን አስጨነቃችሁ? ተጽፎ የለ እንዴ!» አለችን።

ብሔራዊ ትያትርንም ከውጭ አየነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ትልቅ ቤት ነው። ከፊቱ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። እኛ የጨፈርንበት አዳራሽ ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጭፈራው እንምጣ። «ስድስት ደቂቃ አላችሁ» ተባልን። ስድስት ደቂቃ! በእኛ አገር በስድስት ደቂቃ ከበሮው ገና ይሞቃል። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እዚያ ግን ተመልካቹ በአንድ በኩል ብቻ ተቀምጧል። መብራቱ ዓይናችንን ወጋው፤ የሰው ፊት አይታይም። ዘፈኑን አወጣን፣ የሚቀበል ጠፋ። ለካ በመጨረሻ ነው የሚያጨበጭቡት።

ከሁሉ የባሰው ትንፋሻችን ነው። ዋጃ ላይ ግማሽ ቀን የሚዘል ጎረምሳ ገና በሦስተኛው ዝላይ አለከለከ። «ምን ነካን፣ ዓይነ ጥላ ይሆን?» ተባባልን። ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ አገር ቆላ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ደረት ያንኑ ያህል አየር ለማግኘት ቶሎ ቶሎ መሳብ አለበት። ሰውነት ይለምደዋል፣ ግን ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የደረስነው በዋዜማው ነው።

ማታ ካዛንቺስ ወደሚገኘው ፈንድቃ ወሰዱን። የአዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ የሚባለው እስክስታ መቺ በወጣትነቱ እዚያ ሲጨፍር ኖሮ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ ያሠራው ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ ሰው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጨፋሪውና ተመልካቹ ክንድ ለክንድ። ዘፈን ሲወጣ ሰው ይቀበላል! ትንፋሽ የለንም ያልነው ሰዎች ብድግ አልን። ያ ቤት ዛሬ በቦታው የለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሠፈር ሲፈርስ አብሮ ተነሣ።

በነጋታው አንድ ሰው ካሜራ ይዞ መጣ። «ጭፈራችሁን ልቅረጽ፣ ለእያንዳንዳችሁ 500 ብር እሰጣለሁ፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» አለ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ከበሮ መቺያችን ፊደል የቆጠረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ቀስ ብሎ ያነባል። «አያ፣ በቃ ይፈርሙና እንሂድ» አልነው። አልሰማንም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ለዘለቄታው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ» ይላል። «ልጄ፣ ዘለቄታ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ሰውየውን ጠየቀው። ሰውየው ሳቀ። አያ አልሳቁም። «ለአንድ ጊዜ በሚለው ቀይረውና እፈርማለሁ» አሉ። ሰውየው ካሜራውን አጥፎ ሄደ።

በእርግጥ ሁላችንም አልተደሰትንም። 500 ብር ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አንዱ ጓደኛችን እስከ ዛሬ «አያ ናቸው ያስቀሩብን» ይላል። በኋላ ጠይቀን እንደተረዳነው ግን ይህን የሚመለከት ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በዚህ አዋጅ ጨፋሪም ዘፋኝም «ከዋኝ» ነው፤ ማለት ሥራውን በሰው ፊት የሚያቀርብ ሰው። ከዋኝ ካልፈቀደ በቀር ጭፈራውን ቀርጾ መሸጥ አይቻልም። ከፈረመ ግን ፈቀደ ማለት ነው።

ስንመለስ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ወረድን። ሙቀቱ ደስ አለን፣ ደረታችንም ተከፈተ። አያ ከበሮውን ከጣሪያው ላይ አስወረዱ። መንገደኛው ከቦን ቆመ፣ እኛ ስናወጣ ተቀበለን። ሾፌሩ ጎማውን ቀይሮ ጥሩምባ ሲነፋ እኛ ገና መጀመራችን ነበር።